የቁራጭ ሥጋ አደራ

ልጄ፣ ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ በላብራቶሪ ሙያ ተመርቀሽ ወደ ምዕራብ ወለጋ ልትመደቢ መሆኑን እናትሽ በደስታ ነገረችኝ። እንኳን ደስ አለሽ። ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ የሚመክርሽ አታጪም፤ ስለ ትዳርም እንደዚያው። እኔ ዕድሜዬን በነቀምት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የጨረስኩ ሰው ነኝና የምመክርሽ የማውቀውን ብቻ ነው። ምክሬም አንድ ናት፦ ከሰው ገላ ተቆርጣ የወጣች ቁራጭ ሥጋ እጅሽ ስትገባ፣ ባለቤቷ ፊትሽ ቆማ እንደምታይሽ አድርገሽ ያዣት።

ይህንማ ማን ያጣዋል ትዪኝ ይሆናል። አጥብቄ የምናገርበትን ምክንያት ለማስረዳት መጀመሪያ ሕዋስ ውስጥ ይዤሽ መግባት አለብኝ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ አንቺም በመጽሐፍ የምታገኚያቸው በዚያው ነው።

የእድገት ፋክተር ሪሴፕተር የሚባለውን ምዕራፍ ለፈተና ሸምድደሽ አልፈሽው ይሆናል። ቀስት የሞላበት ሥዕል፣ ከሥሩ ራስ፣ ራፍ፣ ሜክ፣ ኧርክ እያለ የሚወርድ የስም ሰልፍ፤ ተማሪ ሁሉ የሚሸሸው ገጽ ነው። ፍሬ ነገሩ ግን ያን ያህል አያስፈራም። በገላችን ውስጥ ያለ ሕዋስ በራሱ ፈቃድ ተነስቶ አይባዛም፤ ከውጭ ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዙን የሚያመጡት የእድገት ፋክተር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። ሕዋሱን የታጠረ ግቢ ነው በዪ። መልእክተኛው ከደጅ ይጣራል እንጂ አይገባም፤ አጥሩ ላይ ግን ጆሮው ወደ ውጭ፣ አፉ ወደ ውስጥ የዞረ ዘበኛ አለ። ሪሴፕተር ማለት ይኸው ዘበኛ ነው። መልእክተኛው ሲደርስ ዘበኛው ከጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር ይጣመራል። ወደ ውስጥ የገባው የሁለቱም ክፍል ታይሮሲን ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነውና አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ፎስፌት የተለጠፈበት ቦታ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይስባል፤ እነ ራስና እነ ኧርክ መልእክቱን እየተቀባበሉ ኒውክለስ ድረስ ያደርሱታል፣ ሕዋሱም ለመከፈል ይሰናዳል። በሌላ መስመር ደግሞ እነ ኤኬቲ ሕዋሱ እንዳይሞት ያዛሉ።

መጽሐፉ ስለ መጀመሪያው ብዙ ይላል፤ እኔ ስለ ማቆሚያው ብታስቢ እወዳለሁ። ጤነኛ ሕዋስ ትእዛዙን እንደ ሰማ ወዲያው ዝም ማሰኘት ይጀምራል። ፎስፌቱን የሚነቅሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ ሪሴፕተሩም ራሱ ወደ ውስጥ ተውጦ ይፈርሳል። ቁስል የሚሽረው ሕዋሳት እንዲባዙ ስለታዘዙ ነው፤ ከሻረ በኋላ ሥጋው ማደጉን የሚተወውም ትእዛዙ ስለቆመ ነው። ካንሰር በብዙ መልኩ የዚህ ማቆሚያ ብልሽት ነው። አንዳንዴ በሪሴፕተሩ ጂን ላይ አንዲት ለውጥ ትፈጠርና ማንም ሳይጣራው ይጮኻል፤ በአንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች ላይ ኢጂኤፍ ለሚባለው የእድገት ፋክተር ዘበኛ የሆነው ሪሴፕተር እንዲህ እንደሚሆን በ2004 ታውቋል። አንዳንዴ ደግሞ ሪሴፕተሩ ምንም አልሆነም፤ ብዛቱ ነው ከልክ ያለፈው።

ሽማግሌ ሲመክር ታሪክ አይቀርምና እግረ መንገዴን አንዱን ላውራሽ። ስታንሊ ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ ባዮኬሚስት ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ያወጣውን ነገር ገና ለተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ወጋ። ግልገሎቹ ከእኩዮቻቸው ቀድመው ዓይናቸውን ገለጡ፣ ጥርሳቸውም ቀድሞ በቀለ። ያየው ይህንኑ ነው። በ1962 ያሳተመው ይህ ሥራ ኢጂኤፍ የተባለውን የእድገት ፋክተር አስገኘ፤ በ1986ም ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። እኔ የምወደው የእሷን ታሪክ ነው። አይሁዳዊት በመሆኗ የሙሶሊኒ የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ሲያስወጣት፣ ቱሪን ከተማ በሚገኘው መኝታ ክፍሏ ውስጥ ላብራቶሪ አቋቁማ በጫጩት ሽል ላይ መሥራቷን ቀጠለች። የልብስ መርፌ እየሳለች ነበር እንደ ቢላዋ የምትጠቀምበት። የምትሄጂበት ላብራቶሪ መብራት ሲሄድበት፣ ሪኤጀንት ሲያልቅበት ትማረሪያለሽ፤ ማን የማይማረር አለ። ተማርረሽ ስታበቂ የሪታን መርፌ አስቢ።

አሁን ወደ እኛ አገር ሴቶች ልምጣ። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዘው ካንሰር ቀዳሚው የጡት ነው። ካርዱ ላይ "የጡት ካንሰር" ተብሎ ሲጻፍ አንድ በሽታ ይመስላል፤ ሕዋሱ ላይ በሚገኘው ሪሴፕተር ሲታይ ግን የተለያየ ነው። አንዱ ኸር ቱ የሚባለው ነው፤ ከኢጂኤፍ ሪሴፕተር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ለራሱ ብቻ የሚጣራ መልእክተኛ አልተገኘለትም፤ ሁልጊዜ ለመጣመር እንደ ተዘጋጀ የሚቆም ነው። በጤነኛ የጡት ሕዋስ ላይ በአሥር ሺዎች ቢቆጠር ነው። በአንዳንድ ካንሰሮች ግን የጂኑ ቅጂ ይበዛና ሪሴፕተሩ በአንድ ሕዋስ ላይ ሁለት ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ዘበኞቹ ያን ያህል በዝተው ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፉ መልእክተኛ መጠበቅ ይቀራል፤ እርስ በርሳቸው ተጠራርተው ግቢውን ያምሱታል። ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ በ1987 ይህ ጂን የበዛባቸው ሴቶች በሽታቸው ቶሎ እንደሚያገረሽና ዕድሜያቸው እንደሚያጥር አሳዩ። ከጡት ካንሰር ሁሉ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው የዚህ ዓይነት ነው። በ1998 ደግሞ ብዙ ሰው ኸርሴፕቲን ብሎ የሚያውቀው ትራስቱዙማብ በአሜሪካ ተፈቀደ። ሪሴፕተሩን ከውጭ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው። የከፋ ይባል የነበረው ዓይነት ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ያለው ሆነ።

ሁለተኛው የኢስትሮጅን ሪሴፕተር ነው። በትክክል ከተናገርን ይህ ከእድገት ፋክተር ሪሴፕተሮች ወገን አይደለም፤ ኢስትሮጅን አጥሩን ዘልቆ ይገባል፣ ሪሴፕተሩም የሚጠብቀው ኒውክለስ ውስጥ ነው። የማነሳልሽ ሥራቸው ስለሚጠላለፍ ነው። ኢስትሮጅን የተዘጋበት ካንሰር አንዳንዴ በኸር ቱ በኩል ዞሮ ያድጋል። ይህን ሪሴፕተር የሚዘጋው ታሞክሲፈን በአፍ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ይወሰዳል። አፍሪካውያት ሴቶች ላይ የሚገኘው የጡት ካንሰር አብዛኛው ይህ ሪሴፕተር የለውም የሚል ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል፤ ከምዕራብ አፍሪካ የወጡ ጥናቶች ነበሩ ምንጩ። የኢትዮጵያና የጀርመን ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 352 ሴቶችን ናሙና መርምረው 65 በመቶ ያህሉ የኢስትሮጅን ሪሴፕተር እንዳላቸው አገኙ። ከሦስት ሴቶች ሁለቱ በርካሽ ክኒን ሊረዱ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ልብ በዪው፤ በሰው አገር ናሙና ላይ ተመሥርቶ የተነገረ ነገር ለእኛ ሴቶች ክኒኑን ሊያስነፍጋቸው ይችል ነበር። ያዳናቸው በሥርዓት የተቀመጠ የራሳቸው ሥጋ ነው።

ወለጋም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። በጊምቢና በደምቢ ዶሎ መካከል ባለው አገር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረውን አይራ ሆስፒታል ታውቂዋለሽ። እዚያ የታከሙ የጡት ካንሰር ሕሙማንን ዕጣ የተከታተለ ጥናት በ2018 ታትሟል፤ በኢትዮጵያ ገጠር የሚኖሩ ሴቶች ከዚህ በሽታ ጋር ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ለማወቅ የተደረገ ነው። ከመቶ በላይ ሴቶች ነበሩ። ወደ ሆስፒታል ሲመጡ እባጩ ብዙውን ጊዜ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ደርሶ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላ በሕይወት የነበሩት ከግማሽ ብዙም የማይበልጡ ናቸው። ስድስት ሳንቲ ሜትር በጣትሽ ለኪው። ይህ በአንድ ወር የሚያድግ አይደለም።

ለምን ይዘገያሉ ብለሽ አትፍረጂ። በመጀመሪያ አያማቸውም፤ እኛ አገር ደግሞ የማያም ነገር በሽታ አይባልም። ቡናው ተለቅሞ እስኪሸጥ ገንዘብ የለም። ልጆቹን ለማን ትታ ትሂድ? ጸሎት ይቀድማል፣ ሥር የሚምስ ሰው ይቀድማል። መንገዱም ሰላም የማይሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ የልጅነትሽን ግማሽ የበላው ነገር ነውና። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ጅማ ከተጨመረ ወዲህ ለእኛ ሰው በበደሌ በኩል የሚወርድበት ሌላ አቅጣጫ ተከፍቷል። ቢሆንም አንዲት ሴት ይህን ሁሉ አልፋ በመጨረሻ ስትመጣና ሐኪሙ ከእባጩ ቆርጦ ሲሰጥሽ፣ እጅሽ ላይ ያረፈችው ቁራጭ ስንት ነገር ተሻግራ እንደመጣች ይገባሻል።

እንግዲህ ወደ ሙያሽ ልግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ እናገራለሁ። ሪሴፕተር ፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲን ደግሞ ይበላሻል። ሥጋ ከገላ በተለየች ደቂቃ መበስበስ ትጀምራለች። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለባት። ፎርማሊኑም ዝም ብሎ በውኃ የቀጠነ አይሁን፤ ሲቆይ አሲድ ይሆንና ፕሮቲኑን ያበላሻል። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፣ ሆኖም ግድግዳሽ ላይ ጽፈሽ ለጥፊው፦ ከዋናው ፎርማሊን 100 ሚሊ ሊትር፣ የተጣራ ውኃ 900 ሚሊ ሊትር፣ ሶዲየም ፎስፌት ሞኖቤዚክ 4 ግራም፣ ዳይቤዚኩ 6 ነጥብ 5 ግራም። ብዛቱ ከሥጋዋ አሥር እጥፍ ይሁን። ባለሙያ የተባለ ሰው ሥጋን በሳላይን ነክሮ፣ አለዚያም በደረቅ ጎዝ ጠቅልሎ ሲልክ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። እንዲህ ሆና የመጣች ናሙና ስትቀለም ሪሴፕተር የሌላት ትመስላለች። ውጤቱ "የለም" ይላል፣ ሐኪሙም ያምናል፣ ሴትዮዋም ልትድንበት ትችል የነበረውን መድኃኒት ታጣለች። ማንም ማንንም አይወቅስም፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነውና።

ሙሉ ጡት ተቆርጦ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ፎርማሊን ወደ ሥጋ የሚሰርገው በዝግታ ነው፤ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብለሽ ያዢው። ጡቱን እንዳለ ባልዲ ውስጥ ብትነክሪው ላዩ ሲጠነክር መሐሉ ይበሰብሳል፣ እባጩም ያለው መሐሉ ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙን ጠይቂው፤ ጠርዞቹን ምልክት ካደረገ በኋላ እባጩ ዳቦ እንደሚቆረጥ በስሱ ይሰንጠቅ። "ላብራቶሪ ምን አገባው" የሚልሽ አይጠፋም። በአክብሮት፣ ግን ሳትመለሺ ጠይቂ። ዶክተር እያልሽ፣ አንቱ እያልሽ፣ ጥያቄሽን ግን አትተዪ።

መቆያውም ልክ አለው። ለሪሴፕተር ምርመራ ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ነው የሚመከረው። አሁን የእኛን አገር መንገድ በዚህ ሰዓት ለኪው። ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ደምቢ ዶሎ ከ600 በላይ። ዓርብ ከሰዓት የተቆረጠ ናሙና ቅዳሜና እሑድን መደርደሪያ ላይ ውሎ ሰኞ መኪና ቢያገኝ ሰዓቱ አለቀ። ስለዚህ የባዮፕሲ ቀን በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲሆን አለቆችሽን አግባቢያቸው። ከዚህ የሚሻለው መላ ደግሞ ቅርብ በሆነ ቦታ ናሙናውን በፓራፊን ብሎክ ማስቀበር ነው። በደንብ የተሠራ ብሎክ ዓመታት ይቆያል፤ መንገድ ቢዘጋም አይቸኩልም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚቀበል፣ ሥራሽን በጀመርሽ በመጀመሪያው ሳምንት አጣሪ። ናሙና እጅሽ ላይ ካለ በኋላ መጠያየቅ ረፍዷል።

ኤፍ ኤን ኤ የሚባለውን ቀጭን መርፌ እወደዋለሁ፤ ፈጣንና ርካሽ ነው፣ ካንሰር መሆኑን ይነግርሻል። ለሪሴፕተር ግን ሥጋው ቅርጹን እንደያዘ የሚያወጣው ወፍራም መርፌ ወይም ቢላዋ ይሻላል። ፓቶሎጂስቱ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ በሚባለው ቀለም ኸር ቱን ሲያይ 0፣ 1+፣ 2+፣ 3+ እያለ ነው የሚመዝነው። 3+ ማለት የሕዋሱ ዙሪያ በጉልህ ቀልሟል፣ በዝቷል ማለት ነው። 2+ ላይ ውሳኔ የለም፤ የጂኑን ቅጂ በሌላ ምርመራ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን የምነግርሽ ቤተሰብ ወረቀቱን ይዞ ወደ አንቺ ስለሚመጣ ነው፤ "ልጄ፣ ምን ይላል?" ማለታቸው አይቀርም። 2+ን "አለባት" ብለሽ አትተርጉሚ፣ "የለባትም" ብለሽም አትሸኚያቸው።

ስለ መድኃኒቱ እውነቱን ልንገርሽ፤ ትራስቱዙማብ ውድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል፣ በ2019 መጨረሻ ደግሞ ከዋናው ጋር የሚመሳሰል ረከስ ያለ ምርት ጥራቱን አረጋግጧል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ከ4,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ፣ ስድስት ወር መውሰድ አንድ ዓመት ከመውሰድ እምብዛም እንደማያንስ አሳይቷል። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ሒሳቡን ይሠራል፤ ልክም ነው። ላምና በሬ ለመሸጥ የሚነሳ ቤተሰብ ግን አስቀድሞ ማወቅ ያለበት መድኃኒቱ የት እንዳለ ሳይሆን ኸር ቱ መኖር አለመኖሩን ነው። ኸር ቱ ላልበዛባት ሴት ያ መድኃኒት ከብቱን ከመጨረስ በቀር አያደርግላትም። እንዲያውም ልብ ሊጎዳ ይችላል፤ የልብ ጡንቻ ራሱ ኒውሬጉሊን ከሚባል የእድገት ፋክተር ትእዛዝ የሚቀበለው በኸር ቱ በኩል ነውና። ሪሴፕተሩ ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ያለ እሱ ልብ አይጸናም። ስለዚህ ነው መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ልቧ በየጊዜው በአልትራሳውንድ መታየት ያለበት።

ተስፋ የለም እንዳትዪም አንድ ነገር ልጨምር። ኢማቲኒብ፣ ግሊቬክ የሚሉት ክኒን፣ በ2001 ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ተፈቀደ። ዋና ዒላማው ሕዋሱ ውስጥ ያለ ታይሮሲን ካይኔዝ ነው፤ ፒዲጂኤፍ የሚባለውን የእድገት ፋክተር ሪሴፕተርም ያፍናል። ዋጋው ለሀብታምም የሚከብድ ነበር። ቢሆንም በእርዳታ ፕሮግራም በጥቁር አንበሳ በኩል ለኢትዮጵያውያን ሕሙማን በነፃ ሲሰጥ ኖሯል። ያ ክኒን ለማንም በግምት አልተሰጠም፤ በምርመራ የተረጋገጠለት ሰው ነው የተሰለፈው። መድኃኒት አንድ ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ ወረቀቷ የተሟላ ሴት ትቀድማለች።

ሪሴፕተር ካንሰር ላይ ብቻ አይምሰልሽ። የኢንሱሊን ሪሴፕተር የዚሁ ወገን ነው፣ ታይሮሲን ካይኔዝ ያለው። ገና በወጣትነቱ ስኳር የያዘው ልጅ መልእክተኛው ራሱ የለውም፤ ኢንሱሊን ካልተወጋ ይሞታል። በጎልማሳነቱ የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ኢንሱሊን አለው፣ ከሪሴፕተሩ ወደ ውስጥ የሚሄደው ትእዛዝ ነው የደከመው። ጡንቻ ሲሠራ ግን ስኳርን ያለዚያ ትእዛዝም ያስገባል። ቢሮ ተቀምጠው የሚወፍሩ ዘመዶቻችንን በእግራቸው ወደ ገበያ እንዲሄዱ የምንመክረው ለዚህ ነው፤ እነሱ ግን ባጃጅ ይወዳሉ።

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር ሪሴፕተርና ጂን ላይ መስቀልም አለ፤ ከዚህ ተጠንቀቂ። ወለጋ ውስጥ በቀይ አፈር በባዶ እግሩ ሲሄድ የኖረ ሰው እግሩ ሲያብጥ አይተሻል፤ በጉሊሶ ወረዳ የተደረገ ጥናት ችግሩ የቱን ያህል እንደ ሆነ መዝግቦታል። ለዚህ በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት አጥንቶታል። የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ አፈር ውስጥ ካሉ ደቃቅ ማዕድናት ነው። በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል፤ በ2012 የታተመ ጥናትም በሽታ የመከላከል ሥራ ካላቸው ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው የእድገት ፋክተር በሕሙማኑ ደም ውስጥ እንዴት እንደሆነ የመረመሩም አሉ። በጣም ደስ የሚል ሳይንስ ነው። ሰዎች ግን "ከዘር ነው" የሚለውን ብቻ ይሰሙና ልጃቸውን ከዚያ ቤት አይድሩም። መከላከያው ጫማና ውኃ ሆኖ ሳለ ማለቴ ነው። የምታውቂው ነገር በማን ጆሮ ምን ሆኖ እንደሚገባ ሳታስቢ አትናገሪ።

ለእናቶች ስታስረጂ በአፋን ኦሮሞ አስረጂ፤ የሕክምና ቃል አታብዢ። "ይህ እባጭ የሚያድገው ከውጭ ትእዛዝ እየሰማ ነው፤ የትኛውን ትእዛዝ እንደሚሰማ ለማወቅ ቁራጩን እንልካለን" ብትያት ትረዳሻለች። ገበሬ ሴት ሞኝ አይደለችም። ባሏ አጠገቧ ካለ እሱም ይስማ፤ ገንዘቡን የሚያወጣውና ሁለተኛ ጊዜ ለመምጣት የሚፈቅደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ደስ ባይለንም እንዲህ ነው ያለው። "ቢላዋ ከነካው ይዛመታል" የሚል ወሬ በየቀበሌው አለና ሳይጠይቁሽ ቀድመሽ አንሺው። ባዮፕሲ ካንሰርን ያዛምታል ብለው ሸሽተው፣ ሲመለሱ ጊዜው ያለፈባቸውን ሴቶች ከቁጥር በላይ አውቃለሁ።

ትንንሾቹን ነገሮች ለመጨረሻ ያቆየሁት እንዳትረሺያቸው ነው። ዕቃው አፉ ሰፊ ይሁን፤ ጠባብ አንገት ባለው ጠርሙስ ለስልሳ የገባች ሥጋ ፎርማሊን ካጠነከራት በኋላ አትወጣም፣ ሲጎትቷት ትቀደዳለች። ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ዕቃው ጎን ላይ ጻፊ፤ ክዳን ላይ አትጻፊ፣ ክዳን ይለዋወጣል። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ በአልኮልና በፎርማሊን ይጠፋል። የተቆረጠችበትን ሰዓትና ፎርማሊን የገባችበትን ሰዓት ሁለቱንም መዝግቢ፤ ፓቶሎጂስቱ ውጤቱን ለማመን የሚያየው እሱን ነው። የኢስትሮጅንና የኸር ቱ ምርመራ እንደሚፈለግ ወረቀቱ ላይ ሐኪሙ በግልጽ ይጻፍ፤ ካልጻፈ መልሰሽ ላኪለት። የቤተሰብ ስልክ ሁለት ተቀበዪ፣ አንዱ ከተማ የሚኖር ዘመድ ይሁን፤ የገጠሩ ኔትወርክ ሳምንት ሙሉ ሊጠፋ ይችላል፣ ውጤት ደግሞ ደርሶ ባለቤቷን ያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የላክሻቸውን ናሙናዎች የምትጽፊበት ለዚሁ ብቻ የሚሆን ደብተር ይኑርሽ፤ ሦስት ሳምንት አልፎ ውጤት ካልመጣ ደውለሽ ጠይቂ። ሲሰለቹሽም ደውዪ።